የቁርጥማት መንሥኤ ፍለጋ፦ ከብርድ እስከ ቫይረስ

ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፥ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ደጋማ ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ተወርዶ፥ በቦርከና ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ቢሆንም አጭር ነው፤ የአየሩ ልዩነት ግን ጋቢ ደርቦ የተነሣው መንገደኛ ታች ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ እንዲይዝ የሚያስገድድ ነው። በሁለቱም ከተሞች የሰው ጉልበት ሲያብጥ፥ የጣት አንጓ ሲደርቅ ወይም ወገብ ሲያዝ አስቀድሞ የሚሰማው ቃል አንድ ነው፦ «ብርድ ነው»። ደሴ ያለው ታማሚ ወደ ሞቃቱ አገር ወርዶ እንዲሰነብት ይመከራል፤ ኮምቦልቻ ያለው ደግሞ ሕመሙን ያመጣበት ደጋ ወጥቶ ያደረበት ሌሊት እንደ ሆነ ይናገራል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን መልስ ታሪክ የሚመረምር ነው። በተለይም የቫይረስ ልክፍት፥ የሰውነት መከላከያ ኃይል በገዛ አንጓው ላይ የሚነሣበትን በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፥ ምን ያህሉ እንደ ተረጋገጠና ምን ያህሉ ገና በምርመራ ላይ እንዳለ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ለማቅረብ ይሞክራል። ጉዳዩ የሐኪም ብቻ አይደለም የምንልበት ምክንያት አለን። «ብርድ» በሚለው በአንድ ስም የሚጠሩት ሕመሞች ቢያንስ ሦስት ዓይነት ናቸው፦ አንደኛው በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ በራሱ የሚለቅ፥ ሁለተኛው የልጅን ልብ የሚያበላሽ፥ ሦስተኛው ካልታከመ እጅን የሚያሽመደምድ ነው። ስማቸው አንድ ሲሆን መድኃኒታቸውም አንድ ይመስላል፤ ጉዳቱ የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ከዚህ ቀጥሎ «ዓ.ም.» የሚል ያልተጻፈበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ብርድና ፍል ውሃ

ቁርጥማትን ከብርድ ጋር ማያያዝ የአገራችን ሰው ብቻ ያመጣው ሐሳብ አይደለም። አውሮፓውያን ለዚህ ሕመም የሚጠቀሙበት «ሩማቲዝም» የሚለው ቃል ራሱ ከጥንት ግሪክኛ የመጣና «ፈሳሽ» ወይም «መፍሰስ» ማለት ነው፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከራስ ወርዶ በአንጓ ውስጥ ይጠራቀማል ተብሎ ይታመን ስለ ነበረ ነው። በእኛም ዘንድ የብርድ ተቃራኒ የሆነው ሙቀት መድኃኒት ተደርጎ ኖሯል። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከእንጦጦ ብርድ ወርዳ በፍል ውሃው አጠገብ ስትቆረቆር፥ መኳንንቱን ወደዚያ ከሳባቸው ነገር አንዱ የፍል ውሃው መታጠቢያ ለቁርጥማት ይበጃል መባሉ ነበር። እንግዲህ የዋና ከተማችን ቦታ አመራረጥ ውስጥ የአንጓ ሕመም እጅ አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሐኪሞች ይህን ሰፊ ስም መከፋፈል የጀመሩት በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ፈረንሳዊው ላንድሬ ቦቬ በ1800 ዓመት የእጅ አንጓዎችን ቀስ በቀስ የሚያበላሽ፥ በአብዛኛው ሴቶችን የሚያጠቃ ልዩ ሕመም መኖሩን ጻፈ። እንግሊዛዊው አልፍሬድ ጋሮድ ደግሞ በ1859 ይህንኑ ሕመም ከሪህ ለይቶ «ሩማቶይድ አርትራይተስ» የሚል ስም አወጣለት። ስም ማውጣቱ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ስለ መንሥኤው ግን እርሱም ከብርድና ከእርጥበት ብዙ አልራቀም።

የብርድን ነገር ፈጽሞ ከንቱ ነው ብሎ መጣልም አይገባም። ብርድ አንጓን አያሳብጥም፤ ነገር ግን ብርድ ሰውን ወደ አንድ ክፍል ይሰበስባል። በደሴ የክረምት ሌሊት ቤተ ሰብ በሙሉ በአንድ ጠባብ ክፍል፥ በር ዘግቶና መስኮት ወትፎ ሲያድር፥ ተማሪዎችም በአንድ ዴስክ ላይ ሦስትና አራት ሆነው ሲጠጋጉ፥ ከጉሮሮ ወደ ጉሮሮ የሚተላለፍ ተሕዋስ ምቹ መንገድ ያገኛል። የቀድሞ ሰዎች የሕመሙን ወቅት በትክክል አይተው ነበር ማለት ይቻላል፤ ያልታያቸው በወቅቱ ውስጥ የተደበቀው አስተላላፊ ነው።

ከጉሮሮ ወደ ጉልበት

የበሽታ መንሥኤ ተሕዋስ ነው የሚለው ትምህርት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ከተስፋፋ በኋላ፥ ተመራማሪዎች ከታመመ አንጓ ፈሳሽ እየቀዱ ተሕዋሱን ለማግኘት ብዙ ደከሙ። መግል በያዘው አንጓ ውስጥ በእርግጥ አገኙት። የሚያስቸግረው ግን ያበጠ፥ የሚያቃጥል፥ ነገር ግን አንድም ተሕዋስ የማይገኝበት አንጓ ነበር። ለዚህ ቁልፍ የሆነው በሽታ ሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ የታሪኩ መሠረት እርሱ ስለ ሆነ ከሌላው ይልቅ በእርሱ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን።

ሩማቲክ ትኩሳት ይበልጡን ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉትን ልጆች የሚይዝ ነው። አንድ ልጅ ጉሮሮውን ይታመማል፤ ሕመሙ ይተወዋል፤ ሁሉም ይረሳዋል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል፤ እርሱ ሲሻለው ቁርጭምጭሚቱ፥ ከዚያም ክርኑ ይቀጥላል። ሕመሙ ከአንጓ ወደ አንጓ ይዞራል። በ1931 አልቪን ኮበርን በኒው ዮርክ፥ ኮሊስ ደግሞ በለንደን፥ ሁለቱም በየበኩላቸው፥ ይህ በሽታ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ካስከተለው የጉሮሮ ሕመም በኋላ የሚመጣ መሆኑን አሳዩ። ባክቴሪያው ግን በጉሮሮ ነበር እንጂ በጉልበት ውስጥ አልነበረም። ታዲያ ጉልበትን ያሳበጠው ማን ነው?

መልሱ ለዘመኑ ሊቃውንት የሚያስደነግጥ ነበር። ጀርመናዊው ፓውል ኤርሊክ በ1901 ገደማ ሰውነት የገዛ አካሉን የሚያጠቃ መከላከያ እንዳያበጅ የሚያግድ ጠባይ አለው ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ብዙዎችም ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ያለ በሽታ ሊኖር አይችልም ወደሚለው አዘንብለው ኖሩ። በ1956 ኖኤል ሮዝና ኧርንስት ዊተብስኪ ሰውነት የገዛ እንቅርት ዕጢውን ሊያጠቃ እንደሚችል በእንስሳት ላይ ባሳዩ ጊዜ ያ እምነት ተናጋ። በ1960ዎቹም ሜልቪን ካፕላን ስትሬፕቶኮከስን ለመውጋት የተዘጋጁት ፀረ እንግዳ አካላት የልብን ጡንቻ ጭምር የሚነኩ መሆናቸውን አገኘ። በባክቴሪያው ሽፋንና በልብ ሥጋ መካከል የመልክ መመሳሰል አለ ማለት ነው። የሌባውን መልክ አጥንቶ በጨለማ የቆመ ዘበኛ፥ ሌባውን የሚመስለውን የቤቱን ልጅ መትቶ እንደሚጥል ያለ ነው።

ስትሬፕቶኮከስ ቫይረስ አለመሆኑን አንባቢ ያስተውላል። ይሁን እንጂ ስለ ቫይረስና ስለ አንጓ በኋላ የተነሣው ሐሳብ ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው፦ ልክፍቱ በአንድ ቦታ፥ ጉዳቱ በሌላ ቦታ፤ ልክፍቱ አልፎ፥ ጉዳቱ ቀርቶ። ከዚህም በላይ ይህ በሽታ መንሥኤን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም ያሳየ ነው። በ1950 በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ የጦር ሠፈር የተደረገ ጥናት፥ ጉሮሯቸውን የታመሙ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲሰጣቸው ሩማቲክ ትኩሳት በእጅጉ እንደሚቀንስ አረጋገጠ። ከዚያ ወዲህ በበሽታው አንድ ጊዜ የተያዘ ልጅ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ ልቡ እንዳይጎዳ መጠበቅ ተችሏል።

በእኛ አገር ግን የጉሮሮ ሕመም ብዙ ጊዜ «እንጥል ወረደ» ተብሎ ወደ ቆራጭ ይወሰዳል፤ ጉልበቱ ሲያብጥም ለዚያኛው «ብርድ» የሚል ሌላ ስም ይሰጠዋል። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ታሪክ መሆናቸውን የሚያገናኝ ሰው አይገኝም። አንጓው ምንም ጉድለት ሳይቀርበት ይድናልና ወላጅ ደስ ይለዋል። ልቡ ግን እያደር ይደክማል፤ ያም የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ልጁ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ ሲያጥረው ነው። በዚህ ጊዜ ሰነፍ ነው እየተባለ የሚቀጣ ተማሪ አይኖርም ለማለት የሚደፍር መምህር ካለ ጸሐፊው አላገኘውም።

አጎንባሹ በሽታ

ቫይረስ የሚለውን ቃል የማያውቀው የአገራችን ሰው የቫይረስን ሥራ አጥብቆ ያውቃል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. አገሩን የፈጀው የኅዳር በሽታ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነበር፤ ከዓለም ጦርነት ጋር ተያይዞ በመላው ዓለም የተሠራጨው ያው ወረርሽኝ ነው። የዚያ ዘመን ሊቃውንት መንሥኤው ባክቴሪያ ይመስላቸው ነበር፤ የሰው ኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ በለንደን ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው። እስከ ዛሬ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተሰበሰበ የሚቃጠልበት የኅዳር ሲታጠን ልማድ፥ ያን ጊዜ የነበረውን ግምት እንደ መዝገብ ጠብቆ ያቆየ ነው። የኢንፍሉዌንዛ የአጥንት ቁርጥማት ከትኩሳቱ ጋር ይመጣል፥ ከትኩሳቱ ጋር ይሄዳል። አንጓን ለይቶ የሚያጠቃና ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ የሚቆይ ቫይረስ መኖሩ በአፍሪቃ የታወቀው ዘግይቶ ነው።

በ1952 እና በ1953 በደቡብ ታንጋኒካ፥ በማኮንዴ አምባ ላይ፥ ድንገተኛ ትኩሳትና ሰውን ቀና ብሎ እንዳይሄድ የሚከለክል የአንጓ ሕመም ተነሣ። የአገሩ ሰዎች በቋንቋቸው ቺኩንጉንያ አሉት፤ የሚያጎብጥ፥ የሚያቆላምም ማለት ነው። ማሪዮን ሮቢንሰንና ላምስደን የተባሉት ሐኪሞች በ1955 ስለ ወረርሽኙ ሲጽፉ ያንኑ ስም ወሰዱ። በ1959 በሰሜን ኡጋንዳ በአቾሊ ሕዝብ መካከል የዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነ ሌላ ቫይረስ ተነሥቶ ኦኞንግ ኞንግ ተባለ፤ ይህም ስም የአንጓ መዛልን የሚያመለክት ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያዘ። ሁለቱም ስሞች ከገበሬ አፍ የወጡ ናቸው፤ ቤተ ሙከራው የመጣው ከስሙ በኋላ ነው። የሕዝብን የበሽታ ስም የሚንቅ ተመራማሪ ይህን ቢያስብ መልካም ነው።

ቺኩንጉንያ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች መጽሐፍ ጥግ ላይ ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2004 በኬንያ የባሕር ዳርቻ በላሙ ተነሥቶ የሕንድ ውቅያኖስን ደሴቶች አዳረሰ። ሬዩኒዮን በተባለችው ደሴት በ2005 እና በ2006 ከሕዝቡ ከሲሶ በላይ የሚሆነው፥ ይኸውም ወደ 266,000 ሰው፥ ታመመ። በዚህ ጊዜ ነው አዲሱ ጥያቄ በግልጽ የተነሣው። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ለቀቀ፤ ከታማሚዎቹ ጥቂት የማይባሉት ግን ከወራት፥ አንዳንዶቹም ከዓመታት በኋላ ጠዋት ጣታቸውን መጨበጥ አቃታቸው። ሲታዩ ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸውን ሰዎች ይመስሉ ነበር።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣበት መንገድ በከፊል ይታወቃል። በ2016 በኬንያ ድንበር ከተማ በማንዴራ ወረርሽኙ ሲነሣ፥ በእኛ በኩል በሶማሌ ክልል በዶሎ አዶ ተገኘ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አጎበጠ፤ በዚያው ዓመት በአፋር ክልል በአዳር ወረዳም ታየ። ይህን ቫይረስ የሚያስተላልፈው ኤዲስ የተባለው ትንኝ ዴንጊ የተባለውንም ትኩሳት ያስተላልፋል፤ ዴንጊ በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ፥ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር በሎጊያና በሚሌ ከተሞች ወረርሽኝ ሆኖ ተነሥቷል።

የሚሌን ስም ስንጠራ ወደ ኮምቦልቻ ተመልሰናል ማለት ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ የሚወጣው አውራ ጎዳና በባቲ በኩል አልፎ ሚሌ ይደርሳል፤ ቀድሞ ለአሰብ ወደብ፥ ዛሬ ለጅቡቲ የሚያገለግል የከባድ መኪና መንገድ ነው። በባቲ የሰኞ ገበያ ደገኛውና ቆለኛው፥ አማራው፥ ኦሮሞውና አፋሩ ለብዙ ዘመን ሲገበያዩ ኖረዋል። በ2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ የከተማዋ የሥራ ፈላጊ ብዛት ጨምሯል። ኤዲስ ትንኝ እንቁላሉን የሚጥለው እንደ ወባ ትንኝ በረግረግ ሳይሆን በሰው ዕቃ ውስጥ ነው፦ ክዳን በሌለው በርሜል፥ በሮቶ፥ በተጣለ ጣሳ፥ በጎሚስታ ደጃፍ በተከመረ አሮጌ ጎማ ውስጥ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ። የሚናከሰውም ቀን ነው። በሌሊት የሚዘረጋ አጎበር ከእርሱ ብዙ አያድንም፤ ተማሪ ደግሞ ቀኑን የሚያሳልፈው በትምህርት ቤት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ግልበጣ አለ። ሕዝቡ ቁርጥማትን ከብርዱ አገር ጋር አያይዞ ታማሚውን ወደ ሙቀቱ ይልከዋል። አንጓን የሚይዘው ቫይረስ ግን የሙቀቱ አገር ነዋሪ ነው። ከቆላ ወደ ደጋ የሚጓዝ ሰው በደሙ ይዞት ሊወጣ ይችላል፤ ደሴ ደርሶ ሲታመምም ጥፋቱ በደሴ ብርድ ላይ ይወድቃል። ኮምቦልቻ ላይ ከታመመ ደግሞ ትኩሳት ስላለው ወባ ነው ይባላል፤ የደም ምርመራው ወባ የለም ሲል ነገሩ በዚያው ይቀራል።

ተጠርጣሪው ብዙ፥ ምስክሩ ጥቂት

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመጣለን። ቫይረስ አንጓን ማሳመሙ የማያጠራጥር ነው። በእርግጥ ግን ቫይረሱ ካለፈ በኋላ ሰውነት የገዛ አንጓውን ማጥቃት እንዲጀምር ያደርጋልን?

ለመምህራን ቅርብ ከሆነው ምሳሌ እንጀምር። ፓርቮቫይረስ ቢ19 የሚባለው ቫይረስ በ1975 በለንደን በኢቮን ኮሳርት የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ስሙም የመጣው በምርመራ ላይ ከነበሩት የደም ናሙናዎች መካከል በ«ቢ» ተራ 19ኛው ላይ በመታየቱ ነው። በልጆች ላይ ቀለል ያለ ትኩሳትና በጥፊ የተመታ የሚመስል የጉንጭ መቅላት ያመጣል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ እምብዛም ስለማይታይ በእኛ አገር ሳይታወቅ ማለፉ አይቀርም። ከልጁ የተላለፈባት አዋቂ ሴት ግን፥ እናትም ትሁን መምህርት፥ የሁለቱም እጆቿ አንጓዎች እኩል ሊያብጡባት ይችላል። ይህ በ1985 ከታወቀ በኋላ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው የተባለው ሕመም በአንዳንዶቹ ላይ የዚህ ቫይረስ ሥራ ሆኖ ተገኝቷል። ከልጆች ጋር የሚውሉ ሠራተኞች ከሌላው ይልቅ ለዚህ ቫይረስ የተጋለጡ ናቸው። በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ይለቃል፤ በጥቂቶች ላይ ወራት ይፈጃል።

ሄፓታይተስ ቢ በሌላ መንገድ ይሠራል። ቫይረሱና እርሱን ለመያዝ የተላኩት ፀረ እንግዳ አካላት ተቆላልፈው በደም ውስጥ ሲዞሩ በአንጓ ሽፋን ላይ ይቀመጡና ብግነት ያስነሣሉ። የአንጓው ሕመም የሚመጣው ዓይን ቢጫ ከመሆኑ በፊት ነው፤ በአገራችን «የወፍ በሽታ» የሚባለው ምልክት ብቅ ሲል አንጓው ይሻለዋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ሕመም ናቸው ብሎ የሚገምት የለም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ለሕፃናት በሚሰጠው አምስት በሽታ ተከላካይ ክትባት ውስጥ የዚህ ቫይረስ መከላከያ አለበት።

በእነዚህ በሁለቱ በሽታዎች ቫይረሱ ሲጠፋ ሕመሙም ያበቃል። ቺኩንጉንያ ይህን ሥርዐት ያፈርሳል። በ2010 የወጣ ጥናት በሬዩኒዮን ከታመመ አንድ ሰው አንጓ ከ18 ወር በኋላ የቫይረሱን ርዝራዥ አገኘ፤ እንግዲህ ጠላቱ ገና በቤት ውስጥ ስላለ ነው ዘበኛው የማይተኛው ተባለ። በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ግን በኮሎምቢያ ከ22 ወር በፊት በቫይረሱ የተያዙና አንጓቸው ገና የሚያማቸው 38 ሰዎችን መርምሮ በአንጓቸው ፈሳሽ ውስጥ ምንም ቫይረስ አጣ፤ እንግዲህ ጠላቱ ሄዷል፥ ጠቡ ግን ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱም በየራሳቸው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ጸሐፊው ለሁለተኛው ያደላል፤ ይሁን እንጂ ፈሳሹን መመርመር ሽፋኑን ራሱን እንደ መመርመር አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ለሩማቶይድ አርትራይተስ ልዩ መታወቂያ የሆነው፥ ሲትሩሊን ያለበትን የአካል ሥጋ የሚያጠቃው ፀረ እንግዳ አካል፥ በአብዛኞቹ የቺኩንጉንያ ታማሚዎች ደም ውስጥ አይገኝም። መልካቸው ቢመሳሰልም ሁለቱ በሽታዎች አንድ አይደሉም የሚለውን የሚያጠናክረው ይህ ነው።

ስለ እውነተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚጠረጠረው ቫይረስ ሌላ ነው። ኤፕስታይን ባር ቫይረስ በ1964 የተገኘው ከኡጋንዳ ወደ ለንደን ከተላከ የሕፃን ዕጢ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አልስፖና ታን የተባሉ ተመራማሪዎች በሩማቶይድ ታማሚዎች ደም ውስጥ ከዚህ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ፀረ እንግዳ አካል ማግኘታቸውን ገለጡ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ መቶ ዓመት ያህል አልፏል፤ ፍርዱ ግን አልተሰጠም። ምክንያቱ ቀላል ነው። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከመቶ ከ90 የሚበልጡት ይህን ቫይረስ ይዘው የሚኖሩ ሲሆን፥ በሩማቶይድ አርትራይተስ የሚያዘው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ሁሉም ሰው ያለፈበትን መንገድ የወንጀል ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ አይቻልም። የዘር ውርስም ቢሆን ብቻውን አይበቃም፤ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ከመቶ 15 በሚያህለው ጊዜ ብቻ ነው። ትምባሆ ማጨስ አደጋውን እንደሚያበዛ የተረጋገጠ ነው። እንግዲህ ቫይረሱ ቢኖርበት እንኳ እንጨቱ በደረቀበት ቤት እንደ ወደቀ ፍም እንጂ ብቻውን ቤት የሚያቃጥል አይደለም።

እንዲህ ያለውን ክስ ለማስረዳት ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ በ2022 የታተመ አንድ ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ ስለ አንጓ ሳይሆን የነርቭ ሽፋንን ስለሚያጠቃው መልቲፕል ስክሌሮሲስ ነው። ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ የአሜሪካ ወታደሮች ለሌላ ጉዳይ የሰጡት ደም ለዓመታት ተጠብቆ ስለ ቆየ፥ ሰዎቹ ከመታመማቸው በፊት የነበረውን ደም መመርመር ተቻለ፤ በኤፕስታይን ባር ቫይረስ የተያዘ ሰው ለበሽታው የሚጋለጥበት ዕድል 32 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በሩማቶይድ አርትራይተስም ፀረ እንግዳ አካሉ ከሕመሙ ምልክት ዓመታት ቀድሞ በደም ውስጥ እንደሚታይ ታውቋል። ሰው ከታመመ በኋላ የሚቀዳ ደም ስለ አጀማመሩ የሚነግረን ጥቂት ነው።

ኮቪድ 19 በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን ከገባ በኋላ ይኸው ጥያቄ እንደ ገና ተነሥቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን መዝገብ የመረመሩ ጥናቶች ከኮቪድ በኋላ ራስን የሚያጠቁ በሽታዎች፥ ሩማቶይድ አርትራይተስም ጭምር፥ በመጠኑ እንደ ጨመሩ ጽፈዋል። የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ስለሚመላለስ ቀድሞ የነበረበት ሕመም ይታወቅበታል የሚለው መቃወሚያ ግን ገና በቂ መልስ አላገኘም። ክትባት የአንጓ በሽታ ያመጣል የሚለውን ወሬ በሚመለከት ደግሞ፥ የሩቤላ ክትባት በአዋቂ ሴቶች ላይ ለጥቂት ቀናት የአንጓ ሕመም እንደሚያስከትል ይታወቃል፤ ከዚህ አልፎ ዘላቂ በሽታ ማምጣቱ አልተረጋገጠም።

በሁለቱ ከተሞች

የደሴና የኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ያላቸው ዕድል ከሌላ ቦታ የተለየ ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት የአየር ጠባይ፥ አንድ ዓይነት ሕዝብ፥ የሕክምና ትምህርት በደሴ፥ የቴክኖሎጂ ትምህርት በኮምቦልቻ የሚሰጥ አንድ ዩኒቨርሲቲ አሉ። የጎደለው መዝገብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ባዳረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ዕቃ ተዘርፏል፥ አገልግሎታቸውም ተቋርጧል፤ ከዚያ በፊት ስለ ነበረው የአንጓ ሕመም ወደ ኋላ ተመልሶ ለማየት የሚፈልግ ተመራማሪ ይህን ክፍተት መዝለል አለበት።

ከሆስፒታል ውጭ ያለ፥ ማንም ያላሰበበት አንድ መዝገብ ግን በየክፍሉ ይገኛል። የስም መቆጣጠሪያው ነው። መምህሩ በየቀኑ የቀረውን ተማሪ ምልክት ያደርግበታል፤ ሲመለስም ለምን እንደ ቀረ ይጠይቀዋል፤ መልሱ «ታምሜ» ነው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃል። ከዚያች ምልክት አጠገብ ሦስት ነገር መጻፍ ቢቻል፦ ትኩሳት ነበረውን? ጉሮሮው ወይስ አንጓው ነው ያመመው? ከስንት ቀን በኋላ ተመለሰ? ጉሮሮ ታሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያበጠ ልጅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሊላክ ይገባዋል፤ ፔኒሲሊኑ ርካሽ ነው፥ የሚሠራውም ልብ ከመበላሸቱ በፊት ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ክፍል አምስትና ስድስት ልጆች በትኩሳትና በአንጓ ሕመም ከቀሩ፥ የወባ ምርመራውም ነጻ ካወጣቸው፥ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሰፈሩን በርሜሎችና የጎማ ክምር እንድታይ መንገር ያስፈልጋል። ጣቶቿ ከስድስት ሳምንት በላይ ጠዋት ጠዋት የሚደርቁባት መምህርት ደግሞ ከሁለቱም የተለየች ናት፤ የሚያስፈልጋት ፍል ውሃ ወይም ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ሳይሆን፥ አንጓዋ ሳይበላሽ በጊዜ የሚጀመር ሜቶትሬክሴት የሚያዝላት ሐኪም ነው።

ለዕቅድ አውጪው የሚቀርበው ሒሳብም ከዚህ አይርቅም። የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በየጤና ጣቢያው ይደረግ ማለት ለጊዜው የማይሆን ነገር ነው። በደሴ አንድ ቤተ ሙከራ የቺኩንጉንያንና የሩማቶይድን ምርመራ እንዲያደርግ፥ ከኮምቦልቻና ከባቲ የሚላከውም ደም በዚያ ተመርምሮ የተረፈው በማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን የሚቻል ነው። ዛሬ በኮምቦልቻ የሚቀዳው ደም ለታማሚው ምንም አዲስ ነገር ላይነግረው ይችላል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ጣቶቹ መድረቅ ሲጀምሩ ግን ሐኪሙ በመጀመሪያ የሚጠይቀው እርሱን ነው።